የቅርብ ኃላፊ

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ናሪን ተራራ ሥር፣
ሰሌዳ ፊት ቆሜ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣
አንድም እንግሊዛዊ አይቼ አላውቅ ነበር።

በጥር፣ በካፊያ፣ ግሪምስቢ ወረድሁ።
ባለታክሲው አንድ ነገር አለኝ፤ ፈገግ አልሁ።
ደገመው። ሠለሰው። ራሴን ነቀነቅሁ።
ዲፕሎማዬ ‘እጅግ በጣም ጥሩ’ ይላል፤
ከሻንጣው ሥር፣ ከሹራብ ጋራ ታጥፏል።

አከራዬ ሞሪን ‘አይጋኒሽ’ ማለቱ
ቢከብዳት ቈረጠችው፤ ቀረ ግማሽ ፊደላቱ።
‘ፍቅሬ፣ ውጭው ብርድ ነው፣ በሩን ዝጊ፣ አይጊ።’
ፍቅሬ!
አውቶቡስ ነጂውም፣ ባለዓሣ ሱቁም፣
‘ፍቅሬ’ ይሉኛል፤ ስሜን አይጠይቁም።
በኔ መጽሐፍ ግን ይህ ቃል የሚኖረው
ምዕራፍ አሥር ላይ ነው፣ ለሠርግ ነው የሚወጣው።
የመጀመሪያ ቀን እስከ ጆሮዬ ቀላሁ፤
አሁን ሳይሉኝ ሲቀሩ ነው፣ ‘ምን አጠፋሁ?’

ማታ ከመስተዋት ፊት፦
ምላስ በጥርስ መሃል፣ ለስለስ ያለ ትንፋሽ።
እናቴ ብታየኝ፣ ‘ልጄ፣ ምን ነካሽ?’
እኛ ዘንድ ምላስ ማውጣት ያስመታል በጥፊ፤
እዚህ ማርክ ያሰጣል፣ ይላል የኮርሱ ኃላፊ።

ኃላፊው ሚስተር ፕሪቸርድ፣ በሰማያዊ ቀለም
ረጅም መስመር አስምሮ፦ ‘አልቋል? ወይስ አላለቀም?
ይህን ብቻ ጠይቁ፤ ሌላ ጥያቄ የለም።
ካለቀ፣ ጫፉን በነጥብ ዝጉት፣ ሩቅ ነው።
እስከ ዛሬ ከደረሰ፣
የቅርብ ኃላፊ ነው።’
ጻፍሁት። አሰመርሁበት። እንዴት ንጹሕ ደንብ ነው!

የሞሪን ባል ክሊፍ የወደብ በር ከፋች ነበር፤
የባሕሩን ሰዓት ሳያይ ከቤት አይወጣም ነበር።
ኅዳር ላይ ሞተ፣ ሆስፒታል፣ በሳንባ ምች።
ሞሪን ግን ማቀዝቀዣው ላይ፣ በእርሳስ፣ በየማታው፣
የነገውን ሙላት ሰዓት እስካሁን ትጽፋለች።

እኔ ባሕር ከሌለው አገር መጥቼ
መጀመሪያ ያየሁ ዕለት፣ ውኃው ርቆ ሸሽቶ፣
ጭቃው ተራቁቶ፣ ጀልባው በጎኑ ተኝቶ፣
‘አለቀ?’ ብያት ነበር።
‘ይመለሳል’ ነበር መልሷ፣ ዞር ሳትል።

እሁድ ነው። ድንች ስንልጥ፣ ከየት መጣ ሳይባል፣
‘እኔና ክሊፍ’ አለች፣
‘በትዳር አርባ አንድ ዓመት ሆኖናል።’

ሆኖናል።

አፌን ከፈትሁ። የስድስት ዓመት ልማድ፣
ጣቴ ቀይ እስክሪብቶ ፈለገ፣ በባዶ።
‘ሆኖን ነበር’ ነው ደንቡ። ሰውየው የለም።
አንዲት ‘ነበር’ ናት የጐደለቻት፣
የድንች ልጣጭ የምታህል፤
እሷን ላቀብላት አልቻልሁም።
‘ጨው’ አለችኝ።
ጨው አቀበልኋት።

ፈተናዬ ሐሙስ ነበር። ከኋላ ወንበር
ፕሪቸርድ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነቅጹ።
ከፊት ሰባት ተማሪ፦ ዳንጉዎሌ
ከዓሣ ፋብሪካው በቀጥታ መጥታ፣ ጫማዋ በረዶ እያንጠባጠበ፤
ሬብዋር ፀጉር አስተካካዩ፣ ደብተሩን በክንዱ እየከለለ።
መስመሩን አሰመርሁ። ጫፉን በነጥብ ዘጋሁ።
‘ዓረፍተ ነገር ስጡኝ’ አልሁ።
ሬብዋር እጁን አወጣ፦
‘ኪርኩክ ባለው ሱቄ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ።’
‘ሱቁ አሁንም አለ?’
‘የለም፤ ፈርሷል’ አለኝ፣
‘እኔ ግን አልጨረስሁም።’

ፕሪቸርድ እስክሪብቶውን አነሣ።
ነጥቧን በአውራ ጣቴ አበስኋት፤
ጣቴ ሰማያዊ ሆነ።
‘ትክክል ነው’ አልሁት።

ቅጹ እንዲህ ይላል፦ ‘ስሕተት ሰምታ አላረመችም።’
አልፌአለሁ፣ ለጥቂት። ክርክርም አላነሣሁም።

ማታ ሞሪን፣ ‘ምን ነበር ያስተማርሽው፣ ፍቅሬ?’
‘ጊዜን።’
‘እሱንስ ማን ችሎት’ ብላ ሣቀች፤
የእርሳሷን ጫፍ በምላሷ አራሰች፤
ማቀዝቀዣው ላይ፣ ከትናንቱ ሥር፣ ጻፈች፦
ነገ፣ አምስት ከአርባ፣ ሙላት።