ሁለት ኩራዝ

አባቴን ለምስክር ጠሩት፣ ስለ አንድ የግንብ ድንበር፣
ገንደ ቆሬ፣ ሮብሌ ከጎረቤቱ የተካሰሰበት አጥር።
«ግንቡ ከጎርፉ በፊት ነበር» አለ።
ጉሮሮውን ጠረገ። «ጎርፉ ነው የሠራው» አለ።
ከዚያ በኦሮምኛ ቆጠረ፣ በሶማልኛ ሳቀ፣
ባንዲራ እንደያዘ ሰው እጁን አንሥቶ በፈረንሳይኛ ባቡር ለቀቀ።
ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች።
«ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫል» ብላ ሰረዘች።

ልክ ናት። እኔም ለተማሪ የምለው ይህንኑ ነው፦
አዎንና አይደለምን አንድ ጓዳ አታሳድሩ፤
ካደሩ ይዋለዳሉ፣ ሲነጋ ቤት ሙሉ ናቸው፤
ደቻቱ ሽቅብ ይፈሳል፣
ፍየል ለጅቡቲ ትኬት ትቆርጣለች፣
ሁሉም ልክ ይሆናል፤
ልክ የሚባል ነገር ያልቃል።

ሮብሌ ግን ብዙም አልከፋው።
የባጃጅ ሸራ ሠዓሊ ነው፤ ሁሌ ባቡር ይሥላል፣
የፉርጎው ጥላ ወደ ግራ፣ የግራሩ ወደ ቀኝ ይወድቃል።
«ስንት ፀሐይ ነው ያለህ?» ብዬው ነበር አንዴ።
ብሩሹን በሱሪው ጠረገና፣
«ጠዋት የሄደ ሰው ማታ አይመለስም እንዴ?»

ማታ መብራት ሄደ።
አባቴ ሁለት ኩራዝ ለኮሰ፤
አንዱን ለእኔ፣ ፈተና ለማርምበት፣
አንዱን ለእናቴ፣ ከሞተች ሰባት ዓመት ላለፋት።
ግድግዳው ላይ ብርሃን በብርሃን ላይ ፈሰሰ።

ተስማምቶ የሚሄድ ብርሃን አለ፣
እርምጃው እንደ ሰልፈኛ የተለካ።
ከመሰሉ ሲገናኝ ጨለማ ይሠራል፣ መስመር በመስመር፤
ብርሃን ሲደመር ብርሃን፣ ዜሮ። ሰሌዳ ላይ ስንቴ ጽፌዋለሁ ለካ።
ኩራዝ ግን ከኩራዝ አይስማማም፣
ሁሉም በራሱ ይንቀጠቀጣል፣
ማንም የማንን እግር አይጠብቅም፣
ስለዚህ አንዱ ሌላውን አያጠፋም።
ዝም ብለው ይደመራሉ።

«ባቡሩ ገባ?» አለኝ በአማርኛ።
«ባቡር የለም» አለ በኦሮምኛ፣ ለራሱ መልሶ።
«እናትሽ ሻንጣዋን ረስታለች» አለ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንጃ።
ቀይ እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

በማግስቱ ሄጄ ግንቡን አየሁት፦
ከጉልበቱ በታች የድሮ ጥርብ ድንጋይ፣
ከጉልበቱ በላይ ጎርፍ ያመጣው ጠጠር፣
በጭቃ የተለሰነ፣ የጣት አሻራ ያለበት።
የማን ጣት እንደሆነ አልለየሁም።
ይግባኝ የሚባል ነገር አለ፤
እስከ መቼ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።