ግብር በድንኳን

ሰኞ ጧት ድንኳኑ ቢተከል ደጃቸው፣
«ማን ሞተባችሁ?» አልኩ፤ ሳቁ ልጆቻቸው።
ሐርቡ ላይ ድንኳን ወይ ለቅሶ ነው ወይ ሠርግ፤
ጃህራ ላይ ምርጫ ነው፤ ሩዝ ከሙሉ በግ።
እጩው አቡ ፈላህ፣ የማበስልለት፣
ግብር ያበላ ነበር ሰባት ሙሉ ሌሊት።
ግብሩ ተበልቶ፣ እጅ እንደታጠቡ፣
በሌላኛው ግብር ክርክር ውስጥ ገቡ።

እኔ ሻይ አዞራለሁ። ዐረብኛዬ የጓዳ ነው፤
ጨው፣ ሳሙና፣ ድስት፣ «ቶሎ በይ»፣ ይኸው ነው።
ግን ጆሮ ይማራል። በሦስተኛው ሌሊት
«ዐጅዝ» የሚል ቃል ያዝሁ፤ በኛ አፍ ጉድለት።
የነዳጅ ዋጋ ወርዶ ካዝናው ሳስቷል አሉ፤
ዓመቱ ሳይጋመስ በጀቱ አልቋል አሉ።
ዶክተር መሻሪ ተነሣ፣ መነጽሩን እየጠረገ፤
«አገር ታማለች» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
«ታገግማለች፣ ግን መድኃኒቱ መራራ ነው።»
ወደ እኔም ዞሮ፣ «ሻዬን ሦስት ስኳር አድርጊው።»

አቡ ፈላህ ዘሎ ቆመ፦
«ከዜጋ ኪስ አንዲት ፊልስ ብትነካ እኔ አልኖርም!
የባንክ እዳውም ይሰረዝ!» ጭብጨባው አልቆመም።
«ጉድለቱንስ ማን ይሙላ?» አለ ዶክተሩ፣ ቀስ ብሎ፤
ራሱም መለሰ፣ ቴምር ከሰሃን ነጥሎ፦
«እንግዳው አለ አይደል? በሐዋላ ይልካል፤
ከመቶው አምስት ብንይዝ ምኑን ይጎዳዋል?»
ከጥግ አንድ ወጣት፣ ስሙን አላወቅሁትም፣
«በሩ ሲጠብ በመስኮት ይወጣል» አለ። የሰማው የለም።

እንግዳው እኔ ነኝ። ትሪ ይዤ መሐላቸው ቆሜያለሁ።
የሚያወሩት ስለ እኔ ነው፤
የሚጠሩኝ ግን «ሻይ!» ብለው ነው።

ሲበተኑ፣ በሩዝ ካርቶን ጀርባ ላይ ሒሳብ ሠራሁ።
ደሞዜ ዘጠና የኩዌት ዲናር፤ ሰባው ለሐርቡ፤
ከሰባው፣ ከመቶ አምስት ሲያዝ፣ ሦስት ተኩል።
ሦስት ተኩል እዚህ የአንድ ማታ ለውዝ ነው፤
እዚያ የሩቅያ የኮምቦልቻ መሳፈሪያ ነው፣
ወይ የአባቴ የስኳር ኪኒን።
ወይ ነው እንጂ እና አይደለም።
ለካ ለእኔም ምርጫ አለኝ።

ዐርብ በሐዋላ ቤቱ ደጅ ሰልፉ ጎማ ጥገናው ድረስ ይደርሳል።
ኔፓላዊው ጥበቃ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አምስት ጣቱን ያሳየኛል።
ትከሻዬን ሰበቅሁ። ከኋላችን የቆመ ግብፃዊ ግንበኛ
«ሲፈርስም ሲሠራም አሸዋ ተሸካሚው እኛ»
አለና አቧራውን ከጫማው አራገፈ።

ኡም ፈላህ ደግሞ ማታ፣ ሒና በእጇ ሳይደርቅ፣
«ሲቲና፣ ድምፅ ቢኖርሽ ለማን ትሰጪ?» ብላ ትስቅ።
ድምፅማ አለኝ፣ ማለት ነበረብኝ።
ብርጭቆ አጠብሁ።

አቡ ፈላህ በአርባ አንድ ድምፅ ወደቀ።
ድንኳኑ ሲነቀል የበግ ነጋዴው መጣ፤
አምፖል አከራዩ መጣ፤ ወንበር ያቀረበው መጣ፤
በወሩ መጨረሻ እኔም መጣሁ።
«ሲቲና» አለኝ፤ እሱ ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር፤
«ቤቱ ጉድለት አለበት። እስክናገግም ታገሺን።»
ታገሥኋቸው። በሁለተኛውም ወር ታገሥኋቸው።
ዶክተሩ ያላስረዳኝን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤
ሕግ ሳይጸድቅ፣ እጅ ሳይወጣ፣ ከመቶው መቶ ከፈልሁ።
ግብሩን የበላው በላ፤ ግብሩን እኔ አወጣሁ።

በዚያ ወር ለሩቅያ የላክሁት ድምፄን ነው፣
በስልክ፣ ሁለት ደቂቃ፦
«ደኅና ነኝ። ምርጫው አልቋል። ለአባዬ ንገሪው።»
ከድምፅ ላይ፣ ከመቶ አምስት ቢያዝ፣
የቱ ቃል እንደሚቀነስ እንጃ።