ሰማይ ሲታረስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር ድሮ፤
ኢልማ ኮስኪነን ግን ይህን አልሰማችም፣ ለሷ ማን ነግሮ።
በሰባ ስምንት ዓመቷ፣ በምርኩዝ፣ በዱሉት በረዶ
መንግሥትን ከሰሰች፣ የእጇ ቦርሳ በወረቀት ከብዶ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
የአባቷ ሳውና ጣራው ወድቆ ኖሯል፤
ድንጋዩን ስታነሳ፣ ከወለሉ ሥር የወተት ቆርቆሮ ተቀብሯል።
ክዳኑን በመዶሻ፤ በሦስተኛው ምት፦
ወርቅ። ባለ ንስር ሳንቲም። ያን ሌሊት
ከወጥ ቤቷ ጠረጴዛ አሥር አሥር አርጋ ደርድራ ቆጠረች፤
ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ከቀን መቁጠሪያዋ ጀርባ አሰፈረች።

ሐቀኛ ናትና ለሸሪፉ ደወለች ማለዳ፤
በማግስቱ ሌሊት ሦስት ጥቁር መኪና ከበሯ፣ ያልተጠራ እንግዳ።
ደረሰኝ ሰጧት፦ «አንድ ቆርቆሮ፣ ክዳኑ የተቀጠቀጠ፤
ውስጡ ብረት ነክ ዕቃ፣ ብዛቱ ያልተረጋገጠ።»

እኔ የኤግዚቢት ክፍል ጠባቂ ነኝ፤ ቁልፉም ፊርማውም የኔ።
ሲመጣ ቀይ ማኅተም ነበረው፤ ክብደቱን እንጂ ልኩን አላየሁም በዓይኔ።

ሐይቁ አራቴ በረዶ ሆነ፣ አራቴ ቀለጠ፤
ቀጠሮ በቀጠሮ ተለወጠ።
የመንግሥት ጠበቃ፣ ወጣት፣ ትሑት፣ ካርታ ዘረጋ፦
«ሳውናው አሥር ክንድ ከደኑ ወሰን ገብቷል፤
ለርሷ ምስጋና እንጂ አይገባትም ዋጋ።»

ከኋላ ወንበር ሆኜ «በላ ልበልሃ!» የሚል ጠፋ አልኩ በሆዴ፤
ከሳሽን ከተከሳሽ በልብስ ጫፍ ቢያቆራኙ፣ መንግሥት ልብስ አለው እንዴ?

ኢልማ ተነሳች። «ወርቁን ተዉት» አለች፤ «ዝርዝራችሁ ላይ
አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ይላል።
ሃያ አራቱስ? በረሩ ወደ ሰማይ?»

ማሞቂያው ብቻ ይንጣጣል።
ጠበቃው ካርታውን አጠፈ።
የዳኛዋ ዓይን ከሷ ወደርሱ፣ ከርሱ ወደኔ፤
ያን ጊዜ ከበደኝ ፊርማዬ፣ ቆርቆሮውን የተሸከምኩ ያህል በጎኔ።

ፍርዱ በግንቦት ወጣ፤ ሠላሳ አንድ ገጽ። ወርቁ ለመንግሥት።
ስለ ሃያ አራቱ አንድ መስመር የለም።
ቆርቆሮው ግን «ዋጋ የሌለው» ነውና፣ ይመለስላት።

እኔው አስረከብኳት። ክዳኑን ከፍታ፣ አጎንብሳ ውስጡን አየች።
«ቁጠርልኝ» አለች።
«አንድ» አልኩ።
ያንኑ የድሮ ቀን መቁጠሪያ ከቦርሳዋ አወጣች፤
ከስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሥር፣
እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ «አንድ» ብላ አሰፈረች።