አበባ የሌላት ኦ

ከቫልፓራይሶ ወደብ በላይ፣ ደረጃው ሲያልቅ ካለው በር፣
ኤዱቪሂስ አጎንብሳ ከእንጨት ጋር ስትሟገት ነበር።
እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፤ ሥራዬ ቀለም መበጥበጥ፣
ፊደል በላምባ አጥቦ በየመሳቢያው ማስቀመጥ።

የምትቀርጻት ፊደል ቀጭን አልነበረችም፤ ጨዋም አልነበረች፤
ወገቧ በርሜል፣ እግሯ የመርከብ ማሰሪያ፣ ደረቷን የነፋች፤
ሆዷ ውስጥ ጽጌረዳ፣ ጫፏ ላይ የተጠማዘዘ ሐረግ፣
ከጀርባዋ ወፍራም ጥላ ጎትታ፣ ዓይን የምትፈልግ።
«ይቺን የሠራኋት» ትላለች «ተቀምጦ ለሚያነብ አይደለም፤
ዝናብ ሸሽቶ ለሚሮጥ ነው፤ እሱ ጋ ጊዜ የለም።»

ገልብጣ ነው የምትቀርጸው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ፤
እኔ በመስታወት አነባለሁ፤ እሷ ግን ስትሠራ
በጣቷ ነው የምታየው፤ ከነጩ ነው የምትጀምረው፤
«ጥቁሩ ራሱን ይችላል፤ አስቸጋሪው ክፍተቱ ነው።»
ኤሴን ሦስት ክረምት ለፋችባት፤ ከላይ ስትወፍር ከታች ትወድቃለች፤
«ሰካራም!» ብላ ትወረውራታለች፤ መልሳ ደግሞ ታነሣታለች።

ሰርከስ ሲመጣ ሰርከስ፣ ቦክስ ሲኖር ቦክስ፣ ምርጫ ሲደርስ ምርጫ፣
ያቺው ፊደል ዝሆን ትሆናለች፣ ክንድ ትሆናለች፣ የአንድ ሰሞን ቃል መፈንጫ።
አንዴ ዓሣ ነጋዴ የሰርዲን ዋጋ በእሷ አስጻፈ፤
ሰው ሊያይ መጣ፤ ፊደሏን አየ፤ ሰርዲኑ አነሰበት፤ አለፈ።

ኤርሞሄኔስ፣ የቤቱ ጌታ፣ ሕግ ጽፏል በጠመኔ፦
«ለሞት ቀጭኑን ፊደል፣ ጥቁር ክፈፍ፤ ሌላ እንዳላይ በዓይኔ።»

በሰኔ፣ ዝናቡ ደረጃውን ወንዝ ሲያደርገው፣ ሱሌማ መጣች፤
ጥላ የላትም፤ የባሏን ስም በብብቷ ይዛለች።
ባልዶሜሮ፣ የሰርከሱ ቱባ ነፊ፤ ልጅ ሳለሁ፣ በአጥር ሳየው፣
ድንኳኑን በገመድ ሳይሆን በትንፋሹ ያቆመ የሚመስለኝ ሰው።

ሽማግሌው ቀጭኑን ፊደል አወጣ። አየችው። ገፋችው።
«ይሄ የሐኪም ፊደል ነው። ባሌን በሹክሹክታ የጠራው
ማንም የለም። በዚያኛው ጻፉልኝ፤ በሰርከሱ፤
ወደብ ድረስ ይሰማ ነበር፣ እንኳን ቱባው፣ ማስነጠሱ።»

ኤርሞሄኔስ ወደ ጠመኔው አየ፤ ወደ እሷ አየ፤ ዝም አለ።
በእጅጌው ጠረገው።
ግማሹ ግን አሁንም አለ።

ቤ፣ አ፣ ኤሌ፣ ዴ ብለን ደረደርን፤ መጨረሻው ጋ ቆምን፤
ስሙ ሁለት ኦ ይፈልጋል፤ አንዷን ነቀዝ በልቷት አገኘን።

ያን ሌሊት ኤዱቪሂስ ከራውሊ እንጨት ቁራጭ አነሣች፤
ክቡን አወጣች፣ ጥላውን ሰጠች፣ ሐረጉን ጠመዘዘች፤
ሆዱ ጋ ስትደርስ ግን፣ ጽጌረዳው የሚያብብበት፣
ሙልጭ አድርጋ ጠረበችው፤ ነጩን ብቻ ተወችለት።
«አበባውስ?» አልኩ፣ ፋኖሱን ከፍ አድርጌ።
«የቱባ አፍ አይተህ አታውቅም?» አለች። መልስ አጣሁ ፈልጌ።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ፣ በቦክሱና በሳሙናው መሃል፣
ባልዶሜሮ ክንድ ሙሉ ሆኖ፣ ደረቱን ነፍቶ ተሰቅሏል።
አንድ ልጅ «ሰርከስ መጣ!» ብሎ ሮጠ፤ ፊደሎቹን በጣቱ ቆጠረ፤
ስሙን ሲጨርስ ቆቡን አወለቀ፤ ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ ቆሞ ቀረ።

አሁን ማተሚያው የኔ ነው። ነቀዙም ያው ነቀዝ ነው።
በኛ ቋንቋ ሰርከስ የሚለው ቃል የሚያልቀው በኦ ነው፤
ድንኳን በተተከለ ቁጥር ያቺን አበባ የሌላትን አወጣለሁ፤
ቀለም ከማስነካቴ በፊት፣ አቧራ ባይኖርባትም፣
እፍ እላለሁ።