ገጽ ሲከብድ

ሥራዬን ለእናቴ እንዲህ ነው የነገርኳት፦
"ድር እሠራለሁ።" ሸረሪት መሰላት።
"ዐረብ አገር ድረስ ለዚህ ነው የሄድከው?
የኛ ቤት ጣራ ሥር ሞልቶ ስንጠርገው!"
አልዋሸኋትም እኔ፤ ነገሩ ያው ነው፣
ዝንብ እንዲይዝ ሆኖ ነው የሚዘረጋው።

ቢሮዬ ዱባይ ነው፣ አልጋዬ ሻርጃ፤
መካከል ሁለት ሰዓት፣ የመኪና ስጋጃ።
በአውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ለጸሎት ይመስል
አንገቱን ሰብሯል፤ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚሠራ አካል።
የኬረላው ሚስቱን፣ የፔሻዋሩ ልጁን፣
በመዳፉ ይዟል ሁሉም የየደጁን።
እኔ ግን አጮልቄ ሰው አይደለም የማየው፣
ገጹ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ነው።

ቢጁ፣ አለቃዬ፣ በየመስከረሙ
ስልክ ይለውጣል፣ የአምናው ሳይደክም አቅሙ፤
ሦስት ዓይን ያለው፣ መስታወት የመሰለ፣
ሥራዬን በዚያ ሞክሮ "በረረ!" እያለ፦
"ቪዲዮ ጨምርበት፣ ከጀርባው ይፍሰስ፤
'አፑን አውርዱ' በል፣ ሰው እግሩ ሳይደርስ።"
እኔም ጨማመርኩኝ፣ ደመወዝ ነውና፤
የሰው ቤት፣ የሰው ኮድ፣ ኪራይ አለና።

እሁድ ለት ሮላ ላይ፣ ከመናፈሻው ጥግ፣
ዘምዘም የከሚሴዋ ስልኳን ስትጠርግ፦
"አንተ የኮምፒውተር ልጅ፣ እስቲ ይሄን እየው፤
ለእህቴ ልልክ ብል ይዞራል፣ ምንድነው?"

ያቺን ክብ አወቅኋት፤ እኔ ነኝ የሳልኳት፣
በሰማያዊ ቀለም በስሱ የከበብኳት፤
ለውበት ነው ብዬ፣ ሲጠብቁ እንዳይከፋቸው።
የዘምዘምን ግን የአምስት ድርሃም ካርድ ነው የፈጀችው።
ስልኳም የማዳም ልጅ ሰልችቶት የሰጣት፣
ከላይ በቀኝ በኩል ስንጥቅ የገባበት፤
እዚያ ስንጥቅ ላይ፣ ጣት የማይሰማበት፣
እዚያው ነው ያኖርኩት የ"ላክ"ን ቁልፍ፣ በኩራት።

"ይሄን የሠራው ሰው ስልክ የለው ይሆን?" አለች፤
ጥያቄዋ ቀላል ናት፣ ገብታ ግን ተቀመጠች።
"እንጃ" አልኳት።
ይሄ ነው ውሸት።

ሌሊት፣ ከታች ሲያንኮራፋ ጥበቃው ሙስጠፋ፣
ከላይኛው አልጋ ላይ ኮዴን ይዤ ሳጠፋ፣
ቪዲዮው፣ ጥላው፣ የፊደሉ ማማሩ፣
ተደብቀው የሰው ዳና የሚቆጥሩ፣
ሁሉም ተራ በተራ ከገጹ ተባረሩ።
አራት ሜጋ ነበር፤ ሰባ ኪሎ ቀረ፣
የአንድ ሰው ክብደት ያህል። ገጽ ድሮም የሰው ነበረ።

ስልክ በየዓመቱ ቁመት ይጨምራል፤
አውራ ጣት ግን ያው ነው፣ መቼ ያድግለታል?
ቁልፉን አወረድኩት ወደ ግርጌ ግርጌ፣
በዘምዘም ጣት ሰፈር ስፍራ ፈልጌ።

ሰኞ ቢጁ አየና፦ "ባዶ ነው፣ ድሃ ነው፤
ደንበኛ ምን ይላል?" በሦስት ዓይኑ ሲያየው።
በሃምሳ ድርሃም አሮጌ ስልክ ገዝቼ
"በዚህ ክፈተው" አልኩ፣ ዋይፋዩን ዘግቼ።
የፊተኛው ዞረ።
ዞረ።
እስከ አርባ ቆጠርን፤
ካራክ ሻዩም በረደ፣ ዝም ብለን ቀረን።
በመጨረሻ ቢጁ፦ "ቪዲዮው ይመለስ፤
ቁልፉ ግን እታች ይቅር" አለ፣ ሻዩን ሲጨርስ።

ይኸው ነው ድሌ፤ አንዲት ቁልፍ፣ አንድ ጣት ዝቅ ያለች።
ክቧ ዛሬም ትዞራለች፤ ዘምዘም ግን ላከች፣
"ሰውየው ስልክ ገዛ መሰለኝ" ብላ ሳቀች።

ማታ እናቴ ደውላ "ምን ስትሠራ ዋልክ?" አለችኝ፤
"ድሩን ጠረግኩ" አልኳት።
ጮክ ብላ መረቀችኝ።