የደጃፍ ድንጋይ

ጅማ መናኸሪያ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ረዳቱ ጠየቀኝ፣ ሒሳብ ሲሰበስብ፣ ጣቱን ሲዘረጋ፦
«ስንት ሰው?»
«አንድ ሰው።»
አየኝና ዞረ፤ የጎኔን ወንበር፣ ባዶውን ዳበሰው።
የዘገየ ዘመድ ሮጦ የሚደርስ መስሎት፣ ትንሽ ጠበቀልኝ፤
ኋላ ግን ሸጠና፣ አንድ ጆንያ በቆሎ ጎረቤት አረገልኝ።

ሰርቦን አለፍን። ዝናብ።
አሰንዳቦ ወረድኩ፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቦርሳው እስከ አንገቴ፤
አቮካዶ ሻጯ፣ ረምዚያ የሚሏት፣ የቆመች ከፊቴ፣
ገና ሳልጠጋት፦ «ኮጳ ኬ ዱፍቴ?»
ቋንቋውን አልችልም፤ ቅንድቧ ተረጎመው፤
በሄድኩበት አገር፣ ብቻዋን ለሄደች፣ ቅንድብ ነው የሚቆመው።

ውሃው ዳር ስደርስ፣ ሻፊ ከጀልባው ሆድ በጣሳ ይቀዳል፤
አንድ ጣሳ ሲደፋ፣ በሽንቁሩ በኩል አንድ ተኩል ይወርዳል።
«ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።
«ነኝ።»
«ይሻላል» አለና ሳቀ፣ «ሁለት ሰው አትችልም፤ እሷም እንደ እኔው አርጅታብኝ።»

ደሴት አሉት እንጂ፣ ደሴት ሆኖ አልተወለደም፤
ኮረብታ ነበረ፣ ከብት የዋለበት፤ ማዕበል አልለመደም።
ግድቡ ሲሞላ፣ ውሃው ሽቅብ ሲያድግ፣ መንደሩን ሲከድን፣
ወንዝ እንደሚሻገር በሬ፣ አፍንጫውን ብቻ አወጣ፣ ትንፋሹን ሊያድን።
ስድስት ጎጆ አለው፣ አንድ የሚያነክስ አውራ ዶሮ፣
ሦስት የሙዝ ግንድ፣ የፀሐይ መብራት በሽቦ ታስሮ።
ከአንዱ ጎጆ ደጃፍ የጎማ ልብስ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል፤
ሰው አውልቆት እንደሄደ ገላ፣ ክንዱ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ያኔ በምጽዋ ባሕር ኃይል፣ በጉብዝናው ወራት፣ ጠላቂ የነበረው
ሃምሳ አለቃ ዘሚካኤል፣ ጥርሱ የጎደለ፣ ጆሮው የከበደው፣
እየጮኸ አስተማረኝ፦ «አውራ ጣት ማንሳት ‹ጎበዝ› አይደለም፤
‹ወደ ላይ› ነው ትርጉሙ። እታች ምስጋና የለም።
ደህና ነኝ ለማለት፣ በሁለት ጣት ቀለበት።
ትንፋሽ አታስቀሪ። ሰው እታች የሚሞተው ትንፋሽ የቆጠበ ለት።»

ገባሁ።
ሰማያዊ አልሜ፣ ማኪያቶ ውስጥ ገባሁ።
እጄን ዘረጋሁት፤ ክርኔን አየሁና ጣቶቼን አጣሁ።
አራት ሜትር። አምስት። ጆሮዬ ተንጫጫ፤
ትንፋሼ በቱቦው፣ እንደ አሮጌ ወናፍ፤ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ።
እዚያ፣ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም አልጠየቀኝ፤
አንድ ዓሣ፣ ዓሣ መሰለኝ፣ ጉንጬን ዳበስ አርጎ አለፈኝ።
ከዚያ ጉልበቴ ሥር፣ ጭቃው መሃል፣ አንድ ጠርዝ ነካሁ፤
ዝርግ፣ የለሰለሰ። እግር ያለሰለሰው? ውሃ? አላወቅሁ።

ስወጣ ሻፊ ጀልባው ጫፍ ላይ፣ ጣሳውን እንደያዘ፣ ቁጢጥ ብሏል፤
ዋና አይችልም እሱ። እዚሁ ሥር ነው አሉ የተወለደው፤ እዚሁ ሥር አድጓል።
«ደጃፋችንን አየሽው?» አለኝ፣ ድምፁን አለስልሶ፤
«በስተቀኝ ሎሚ ነበር። አባቴ ከወንዝ ያመጣው ድንጋይ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣ ዝናብ ላይ በስብሶ።»

እውነቱን ልናገር? ክርኔን ነው ያየሁት።
«አንድ ድንጋይ» አልኩት፣ «በጉልበቴ ነካሁት።»
«ዝርግ?»
«ዝርግ።»
«የላመ?»
«አዎ፣ ልስልስ ያለ።»
ጣሳውን አስቀመጠ። «እሱ ነው» አለ።
ሌላ አልጠየቀም።
ጀልባዋ ውሃ እየጠጣች፣ እሱ መቅዳት ረስቶ፣ ተቀመጥን ዝም።

ማታ ሃምሳ አለቃው፣ ዓሣ እየጠበሰ፣ እንደ ቀልድ ነገረኝ፦
«ያንቺኛው ድንጋይ፣ ለሻፊ፣ ዘንድሮ ሰባተኛው ነው» አለኝ።

አልጋዬ ኮረብታ ላይ፣ ኮረብታው ውሃ ውስጥ፣ ውሃው ቤት ውስጥ ገብቶ፣
ሻፊ ሲቀዳ ይሰማኛል፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ውሃን ከውሃ ለይቶ።

ነገ እጄን ወደ ቀኝ እዘረጋለሁ።
የሎሚ እሾህ ውሃ ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል? ሃምሳ አለቃውን እጠይቃለሁ።