የአገሬው ስም

መሐል ሜዳን ለቀን፣ ገና ሳይነጋጋ፣
እኔና በቅሎዬ ሄድን ሣር ፍለጋ።
እሷ ልትበላው ነው፣ እኔ ግን ልጽፈው፤
ከሁለታችን ማን እንዳወቀው እግዜር ይፍረደው።
ጭነቷ ሁለት ሳንቃ፣ ጠፍርና ገመድ፣
ሣር የማደርቅበት የአምና ጋዜጣ፣ ለብርድ
ደግሞ አንድ ጋቢ።

ነፋሱ ከጣርማ በር ይነሣል ስለት ይዞ፣
ጅብራው ብቻውን ቆሟል፣ እንደ ዘብ ደንዝዞ።
ጭላዳዎች ከገደሉ አፍ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ
እንደኔው ቁጭ ብለው ሣር ይነቅላሉ፣
አንድ በአንድ፣ እየመረጡ፣
ማንንም ሳይጠይቁ።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው?»
ቀና ስል ጋሽ ወንድይፍራው፣ የጓሳው ጠባቂ፤
ካፖርቱ የወታደር፣ ቁልፎቹ ግን የየቅሉ፣
ጅራፉ ከዚያው ሣር የተገመደ።
«ታጥሯል እኮ፣ አላየሽም?»
አጥር ፈለግሁ ባይኔ፤ ችካል የለ፣ ሽቦ የለ።
«አጥሩ መሐላ ነው» አለ፣
«ማጭድ ካላየ ይኸው ሦስት ዓመቱ።»
ደብዳቤዬን ዘረጋሁ። ማኅተሙን ብቻ አየና
በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልኝ።
«ከየዓይነቱ ሦስት ዛላ ውሰጂ፤
አራተኛው የጓሳው ነው።»

ከዚያ ያስቆጥረኝ ጀመር፣ ሣሩን በየሥራው፦
«ይኼ ለጣራ ነው፤ የአባቴን ቤት የከደንሁበት፣
ጠብ አላለም እስከ ዛሬ።
ያኛው ለገመድ። ይኼኛው ከብት ያስነፋል
ጤዛው ሳይረግፍ ከበሉት።»
እኔ በላቲን ስጽፍ፣ እሱ አሽቶ ያሸታል።

ከምንጯ አፍ፣ ከድንጋይ ሥር፣ አንዲት ቀጭን፣
ጠጉሯ እንደ ሽፋሽፍት፣ አበባዋ ወይን ጠጅ፣
ከመጽሐፌ የለችም።
ተንበረከክሁ። አጉሊ መነጽሬን
የገዛ ትንፋሼ ጋረደው።
«ስሟስ?» አልሁ፣ እርሳሴን ደቅኜ።
ዝም አለ። በቅሎዋን አየ፣ ሰማዩን አየ።
«ስም አላወጣንላትም።»
«ለምን?»
«ስም ያለው ይጠራል፣ የተጠራ ይመጣል፤
የመጣ ይታጨዳል፣ የታጨደ ያልቃል።»

አዲስ አበባ፣ ከቢሮዬ መብራት ሥር፣
ቅጹን ሞላሁት፦ ከፍታ፣ አፈር፣ ቀን፣ የሰብሳቢ ስም።
«የአገሬው ስም» ከሚለው ፊት
እርሳሴ አልደፈረም።
አለቃዬ በትከሻዬ አጮልቆ፣
«አልጠየቅሽም እንዴ?»
«ጠይቄአለሁ።»

ማታ ካልሲዬን ሳጥብ
ከክሩ መካከል አንዲት ፍሬ፣
ጭራዋን እንደ መርፌ ሰክታ፣
በቅሎም ሳትጫን፣ ደብዳቤም ሳትይዝ።
ቆጠርሁ፤ ሦስቱ ከጋዜጣው ውስጥ ናቸው።
አራተኛዋ ናት።
ምን ብዬ እንደምመልሳት ሳስብ
ውሃው ሲፈስ ቆየ።